የእናቴ የጠለለ ውሃ

ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ ከቧንቧ እንደወረደ አይጠጣም። የሚጠጣውስ ሞልቷል፤ እናቴ ፊት ግን አይሞከርም። ውሃችን ኖራ አለው። አዲስ በራድ ገዝታችሁ ሻይ ብታፈሉበት ወር ሳይሞላው ውስጡ ነጭ ድንጋይ ይለብሳል። እናቴ ይህ ድንጋይ ልጆቿ ሆድ ውስጥ እንዳይገባ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስታጠልል ኖራለች። ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አባታችን በሕይወት ሳለ ከምድር ባቡር ያመጣላት በርሜል አለ። ውሃ በመጣ ቀን እስከ አፉ ትሞላውና ሦስት አራት ቀን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ኖራው ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩን በጭልፋ ቀስ አድርጋ ትቀዳለች። የታችኛው ለልብስ ማጠቢያ ነው።

በርሜሉን ግጥም አድርጋ አትከድነውም ነበር። ግማሹን በቆርቆሮ ትሸፍንና ግማሹን ትተወዋለች፤ ውሃ መተንፈስ አለበት፣ የታፈነ ውሃ ይሸታል ባይ ናት። አንዳንዴ ቅንጣት የምታህል ትል ላዩ ላይ ስትወራጭ ካየች በንጹሕ ጨርቅ ታጠልለዋለች እንጂ አትደፋውም። ነፍስ ያለው ነገር የሚኖርበት ውሃ ሰው አይጎዳም ትላለች። ይህን ሙያዋን ለሰፈሩ ሴት ሁሉ አስተምራለች። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን፣ በኦሮምኛ አክስት ለማለት «አዳዳ» እያልን የምንጠራት ሴትዮ፣ ለሶላት የምትታጠብበትን ውሃ ሳይቀር እንደ እናቴ ነው የምታጠልለው። እንግዳ ሲመጣ የኛ ቤት ሻይ ይጣፍጣል ይባላል። ጣፋጩ ውሃው ነው ትልና እናቴ ደስ ይላታል።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ደም ማየት ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጠባዬ ለስላሳ ነው አልልም። ካርድ ሳይዝ የሚመጣ፣ ጣቱን ስወጋው የሚጮህ፣ ውጤት ቶሎ አልደረሰም ብሎ በር የሚደበድብ፣ ሁሉም ከኔ የድርሻውን ያገኛል። ወባ ያገኘሁበትን ሰው ደግሞ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ የት ሄደህ ነበር? መልሱ ሁልጊዜ አለ። አንዱ ከሁርሶ የመጣ ወታደር ነው፣ ሌላው ቆላ ወርዶ እርሻ ሲያርስ የከረመ ነው፣ ሌላው ክረምቱን ገጠር ዘመድ ቤት ያሳለፈ ነው። ወባ ማለት ለኔ ሰው ከሄደበት ይዞት የሚመጣው ነገር ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን መልሱ ጠፋ። አንድ ጥር ላይ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ሽማግሌ ደሙ በወባ ተሞልቶ አገኘሁት። ሽማግሌ ሆኖም «አንቱ» አላልኩትም፤ የድሬ ሰው «አንቱ» ሲባል የተሰደበ ይመስለዋል። የት ሄደህ ነበር አልኩት። ወላሂ ከስፌት መኪናዬ አልተነሳሁም አለኝ። ውሸታም ነህ አልኩት፣ በሰው ፊት። እሱም መድኃኒቱን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ሁለት የሱ ጎረቤቶች መጡ፣ በሳምንቱ አንድ ቤተሰብ በሙሉ መጣ፤ አንዳቸውም የትም አልሄዱም ነበር። ያን ጊዜ ነው መደንገጥ የጀመርኩት።

እንዲህ ግራ ገብቶን ሳለ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ወደ ላብራቶሪያችን መጣች። በአንድ እጇ ባትሪ፣ በሌላው ነጭ ጭልፋ ይዛለች። የሕመምተኞቻችንን ሰፈር እየጠየቀች የሰው በርሜልና ታንከር ስትቀዳ ነው የምትውለው። ሾርባ ልታወጪ ነው እንዴ ብዬ አሾፍኩባት። ስቃ አለፈችኝ፤ ደግሞ «እርስዎ» ትለኛለች። ድሬ ነው ያለሽው፣ አንቺ በዪኝ አልኳት። እያደርን ተግባባን፤ አንድ ቀን ሻይ ይዛ ቁጭ አለችና አስረዳችኝ። ይህን ወባ የምታመጣው ትንኝ እኛ የምናውቃት አይደለችም። ከእስያ በኩል ባሕር ተሻግራ የመጣች ናት፤ ዘረመሏ ሲመረመር ዘመዶቿ ወዲያ ማዶ ናቸው። የኛዋ ረግረግና የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች፣ ይህችኛዋ ግን ከተሜ ናት፤ ሰው ቤት ያጠራቀመው ውሃ ይበቃታል። በጋም ክረምትም አትል።

«ዝናብ አትጠብቅም፤» አለችኝ። «ጥሩ ውሃ ነው የምትወደው። ሰው ለመጠጥ ያስቀመጠውን።»

እንዴት እንደምትለይም አሳየችኝ። የሌላ ትንኝ ትል ውሃው ውስጥ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው የምትታየው፤ የወባዋ ግን ልክ እንደ ተጋደመ ገለባ ውሃው ላይ ልጥፍ ብላ ትተኛለች። እሷ ይህን ስታጠና ሌላው ዓለም ላይ ደግሞ ለሕፃናት የወባ ክትባት ወጥቷል፣ ትንኟ መድኃኒት እንዴት እንደምትለምድ በዘሯ ውስጥ እየተፈለገ ነው፤ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔም ሰው ሆንኩ። ልብስ ሰፊውን መጋላ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሳቀብኝና ለስላሳ ጋበዘኝ። በሽተኛውን ሁሉ ውሃ በምን ታስቀምጣለህ፣ ይከደናል ወይ እያልኩ እጨቀጭቅ ጀመር። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እያልኩ አስተምር ነበር።

እናቴን ግን አልነገርኳትም።

ለምን ብትሉኝ፣ እናቴን ስለ ውሃዋ መናገር ከእጇ ጭልፋ እንደ መንጠቅ ነው። ሳምንት ታኮርፈኛለች። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ እኛ ቤት ይገባል ብዬም አላሰብኩም፤ የኛ ቤት ንጹሕ ነው፣ ውሃችን ጥሩ ውሃ ነው። ልጅቷ እኮ ጥሩ ውሃ ነው የምትወደው ብላኛለች! ባለ መድኃኒት ሆይ ራስህን ፈውስ የተባለው ለኔ ዓይነቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዚያው በርሜል የተቀዳ ሻይ ጠጥቼ፣ ሰው ላስተምር እወጣ ነበር።

ታናሽ እህቴ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ባሏ ደብረ ብርሃን ነው የሚሠራው፤ እሷም ወባ የሚባል ነገር በማይታወቅበት በዚያ ብርድ ነው የምትኖረው። ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ፣ ዘጠኙንም ዓመት ልጅ ሲጠበቅ ነው የኖረው። ስንት ሐኪም ቤት፣ ስንት ጠበል። እናቴ ስለቱን ሁሉ ተስላ ጨርሳ አዲስ ስለት ጠፍቷት ነበር። አሁን ግን ሰባት ወሯን አልፋለች፤ እንደ ደንቡ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። እናቴ ከደስታ ብዛት የምትሠራው ጠፋት። ደጋውን ለምዳ ሙቀቱ እንዳይከብዳት ብላ አልጋዋን ከግቢው ቦታ ሁሉ ቀዝቃዛው ላይ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር አነጠፈችላት። አጎበሩ ክፍል ውስጥ እንደተሰቀለ ቀረ። በርሜሉንም ለሷ ብቻ አደረገችው፤ ከሱ ሌላ ሰው እንዳይቀዳ ተከለከለ። እህቴ ከበርሜሉ ሁለት እርምጃ ርቃ ተኝታ እኛን በደብረ ብርሃን ብርድ ስታስቀን ታመሽ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ብርድ ብርድ አለኝ አለች። ሙቀቱ ነው፣ ድካም ነው ተባለ። በማግስቱ ስትንቀጠቀጥ እጇን ይዤ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋትና ወደ ላብራቶሪዬ ወሰድኳት። ጣቷን የወጋሁት ራሴ ነኝ፣ ቀለሙን ያፈሰስኩበትም ራሴ ነኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ስደፋ በቀይ የደም ሕዋሶቿ ውስጥ ትንንሾቹ ቀለበቶች ሞልተዋል። ሃያ ዓመት ያየኋቸው ናቸው፤ ግን እንደዚያ ቀን ጠልቻቸው አላውቅም። ቀና አልኩና ከአፌ የወጣው ያው የድሮው ጥያቄ ሆነ።

«የት ሄደሽ ነበር?»

«የት እሄዳለሁ?» አለችኝ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «እማዬ ጋ ነው የመጣሁት።»

ሆስፒታል አስተኟት። መርፌው ሰዓቱን እየጠበቀ ይሰጣታል፤ የሚያክማት ሐኪም ስለሚያውቀኝ አልሸሸገኝም። እናትየው ትድናለች አለኝ፣ የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። ይህ ተውሳክ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይደበቃል፤ የሕፃኑን ምግብና አየር ይሻማል። እህቴ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ቀድሞ አላስተኛም እያለ ይራገጥ የነበረው አሁን አልፎ አልፎ ነው የሚነካካት። አሁን ነካኝ ስትል እኔም እናቴም እንተነፍሳለን። ዝም ሲል ሦስታችንም እጇን እናያለን። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ የአልጋው እግር ሥር ተቀምጣ አልነሳም አለች።

እኔ ወደ ቤት ሄድኩ። ቀጥ ብዬ ወደ በርሜሉ ነው የሄድኩት። ቆርቆሮውን አንስቼ በእናቴ ጭልፋ ቀዳሁና ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ነበሩ። እንደ ገለባ ልጥፍ ብለው፣ ጥርት ባለው ውሃ ላይ። እህቴ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩም። ከዚያ ጥቂቱን በብርጭቆ ዕቃ ቀዳሁ፣ አፉን በፋሻ አሰርኩና ለተመራማሪዋ አስቀመጥኩት። በርሜሉን ገፍቼ ሙሉውን ውሃ መሬት ላይ ደፋሁት።

እናቴ ልብስ ልትቀይር ስትመጣ ግቢው ረጥቦ፣ በርሜሉ ተጋድሞ አገኘችው። ጤና የለሽም አለችኝ። ውሃ በወር ስንት ጊዜ ይመጣልና ነው፣ ያውም ለልጄ ያጠለልኩትን! በርሜሉ ዝጎ ነው አልኳት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት፣ እንደ ልጅ ዋሸሁ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ እኔም በኩርፊያዋ ውስጥ ተደበቅሁ።

እህቴ በአራተኛው ቀን ተሻላትና ወጣች፤ ሕፃኑም እንደገና መራገጥ ጀመረ። ግን ሐኪሙ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚታወቀው ሲወለድ ነው ብሎናል። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዋ ብርጭቆውን አየችው፤ ከትሎቹ አንዷ ትንኝ ሆና ወጥታ ፋሻው ላይ ተቀምጣለች። ማይክሮስኮፕ ሥር አገላብጣ ከመረመረቻት በኋላ ራሷ ናት አለችኝ። ትንኟን ለእናቴ ላሳያት ፈልጌ አንድ ቀን አውሺኝ አልኳትና ብርጭቆውን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ በርሜሉን ፈግፍጋ አጥባ፣ ቧንቧ መጥቶላት፣ ለነፍሰ ጡሯ ብላ እንደገና እየሞላች ነበር። ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻልኩም። ብርጭቆውን ዱካው ላይ አስቀመጥኩት፣ ወባዋ ከዚህች ነው፣ ይህችም ከበርሜልሽ ነው የወጣችው አልኳት። ማወቁን ካወቅሁ አራት ወር ሆኖኛል፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት።

መነጽሯን ከደረቷ አውጥታ አደረገች። ብርጭቆውን አዙራ አዙራ አየችው።

«ለሰው ሁሉ ስትነግሪ ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ።»

«ቁጣዬማ ያልፍ ነበር፤» አለችኝ።

ቧንቧውን ዘጋች፣ ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ መስሎኝ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኩ። እሷ ግን አዳዳ ግቢ ገባች፤ የልጄ በሽታ ከኔ በርሜል ነው የወጣው፣ ያንቺንም እንየው አለቻት፣ ጎረቤት እየሰማ። አዳዳ ያ ረቢ ብላ ክዳኑን አነሳች። እዚያም ነበሩ። እናቴ ማጥለል ያስተማረቻቸውን ሴቶች ቤት ሁሉ በዚያ ቀን ዞረች፤ በየበሩ ያንኑ ቃል ነው የምትናገረው። የኔ የግድግዳ ወረቀት በአራት ወር ያልከፈተውን በርሜል እሷ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስከፈተችው። ሲመሻሽ ደህናውን ነጠላዋን ለሁለት ቀደደችና ደርባ ሰፋችው፤ በርሜሉ አፍ ላይ ወጥራ ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አሰረችው። አዳዳ ውሃው ታዲያ በምን ይተነፍሳል ብላ ጠየቀቻት። በጨርቁ ይተንፍስ አለቻት እናቴ።

ልጅቷ ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድማ ተወለደች። ሴት ናት፤ ክብደቷ ቀላል፣ ጣቶቿ ክብሪት የሚያህሉ፣ ድምፅዋ ግን ሰፈር የሚቀሰቅስ። ሐኪሙ ከእግር እስከ ራሷ አይቶ ደህና ናት፣ ማደግ ብቻ ነው የሚቀራት አለን። እልልታው የአዳዳ ነበር። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ እንስጥሽ፣ ያዣት ስንላት አልይዝም አለች።

ቤት ከገባንም በኋላ አልያዘቻትም። ገንፎውን ታገነፋለች፣ ጨርቁን ታጥባለች፣ አራሷን ታበላለች፣ ልጅቷን ግን ከሩቅ ነው የምታያት። አንድ ቀን ወገቤን ትላለች፣ አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኛል ትላለች፣ አንድ ቀን ደግሞ እጄ ይቀዘቅዛታል አለች። ድሬዳዋ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ቀዝቃዛ እጅ! የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ማጠብ የአያት ወግ ነው፤ እሷ ይህን ወግ ለአዳዳ ሰጠችው። ዘጠኝ ዓመት በስለት የጠበቀቻትን ልጅ ሌላ ሰው ሲያጥባት በር ላይ ቆማ ታያለች። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ለእህቴ ነገርኳት፤ ስለ በርሜሉም፣ ስለ ዝምታዬም። እህቴ ልጇን እያጠባች ሰማችኝ። አውቃለሁ አለችኝ፤ እማዬ ስታናግርሽም ሰፈሩን ስትዞርም እኔ እዚሁ መስኮቱ ሥር ተኝቼ እሰማ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ አዳዳ እንደ ልማዷ እጅጌዋን ሰብስባ ልታጥብ መጣች። እህቴ ልጅቷን አልሰጥም አለቻት።

«ዛሬ እማዬ ናት የምታጥባት፤» አለች። «በራሷ ውሃ።»

እናቴ ከበር ላይ አልተነቃነቀችም። በየትኛው ውሃ አለች።

«በጠለለው። እኔን ያሳደግሽበት ውሃ ነው፤ የኔም ልጅ ትደግበት።»

አዳዳ ሂጂ እንጂ ብላ ጀርባዋን በቀስታ ገፋ አደረገቻት። እናቴ ወደ ኒሙ ዛፍ ሄደች፤ እኔ ጎድጓዳውን ሳህን ይዤ ተከተልኳት። ላስቲኩን ፈታች፣ የነጠላዋን ክዳን አጠፈች፣ ጭልፋውን ከላይ ከላዩ ሞልታ አወጣችና ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ረጅም ጊዜ አየችው። አዙራ ደግማ አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞረችና ጭልፋውን ዘረጋችልኝ።

«አንቺም እይው፤» አለችኝ።

ተቀብያት በደንብ አየሁት። ምንም የለበትም ብዬ መለስኩላት፤ ሳህኑ ላይ ገለበጠችውና ልጅቷን ልትቀበል ገባች።